ዳኛው ማን ይሁን? ከሐርላ የተነሣ የፍሬምወርክ ሙግት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ ሐርላን ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። የመንደሩ ገበሬዎች ግን ለብዙ ዘመን እርሻቸውን ባረሱ ቁጥር የሸክላ ስብርባሪ፣ ጨሌ፣ አንዳንዴም የቻይና ሳንቲም ሲያገኙ ኖረዋል። የፈረሰውን ግንብ ትላልቅ ድንጋዮች እያዩም “ይህን የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው” ብለው ለልጅ ልጅ አወረሱ። በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት የቁፋሮ ቡድን በ2017 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ሌላ ታሪክ ወጣ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲም፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ተገኘ። የተቀበሩት ሰዎችም ቁመታቸው እንደማንኛችንም ነበር።

ከግኝቶቹ አንዱ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ቦታ ነው። ብር፣ ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና ብርጭቆ እዚያ ይሠራ ነበር፤ የአሠራሩ ዘዴ ግን በዚያ ዘመን ከህንድ ጋር የሚያያዝ ሆኖ ተገኘ። ወይ ጥበቡ በንግድ መጥቷል፣ ወይ ጥበበኛው ራሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ያም ሆነ ይህ ሐርላ ውስጥ በሰው አገር ዘዴ ለአገሬው ገበያ መሥራት ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሁለት የድሬዳዋ ወጣቶች ለሐርላ ጎብኚ የሚሆን የስልክ አፕ ሥሩ ተባሉ እንበል። ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የመስጊዱና የመቃብሩ ፎቶ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ የተጻፈ ማብራሪያ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት ካርታ፣ የመግቢያ ሰዓት፤ በቃ። በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራም በመጋላም፣ ብዙው ሰው የያዘው አንድሮይድ ነው። ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ግን አይፎን ይዞ ይወርዳል። ለሁለቱም ለየብቻ ለመጻፍ ገንዘቡም ጊዜውም የለም፤ ስለዚህ አንዴ በጃቫስክሪፕት ተጽፎ በሁለቱም ስልክ ላይ የሚሄድ መሆን አለበት። የቀረው የትኛው ፍሬምወርክ፣ ማለትም የትኛው የአፕ መገንቢያ መሣሪያ፣ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ያን ጥያቄ ሙያውን በሚያውቁ ሰዎች መሀል ያነሣ ሰው ምክር ሲጠብቅ ስብከት ይሰማል። አንዱ ሪአክት ኔቲቭ ካልሆነ ሁሉ ነገር መጫወቻ ነው ይለዋል። ሌላው አዮኒክን ይዘህ በዌብ ዕውቀትህ ጨርስ ይላል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕቱን ራሱን ተው፣ ፍላተር ግባ ብሎ ዳርት የሚባል ሌላ ቋንቋ ያስተምረዋል። ሦስቱም የተሳካላቸውን አፖች ስም ይጠራሉ፤ ሦስቱም የሌላውን ወገን ውድቀት በቃላቸው ይዘዋል። ድምፃቸው ከፍ የሚለውም ስለ ፍጥነት ሲከራከሩ አይደለም፤ “አንተ ስላልገባህ ነው” የተባባሉ ዕለት ነው።

ይህን ሁኔታ ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠው ስለ ስልክ ያልሰማ ሰው ነው። የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እንደሚተርከው ደራሲው አክሱም ላይ መጻሕፍትን ሲያስተምር ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብፆቹ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ትርጓሜ ያቀርብ ነበር እንጂ ይህ ትክክል ያኛው ስሕተት ብሎ አይፈርድም ነበር። ውጤቱ ሁለቱም ወገን እንዲጠላው ሆነ። ዘመኑ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉበት ነበርና ተከሶ ሸሸ፤ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ገባ፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። በዋሻው ውስጥ ያመነጨው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሁሉም የኔ ሃይማኖት የቀናች ናት ይላል፤ ታዲያ ሰው ሁሉ ከሳሽም ተከሳሽም ከሆነ ፈራጁ ከየት ይመጣል? አንድ የፈረንጅ ሊቅ ጠየቀ፣ እሱም እንደ ሃይማኖቱ ተረጎመለት። የአገሩን ሊቅ ጠየቀ፣ እሱም እንደዚያው።

(ሐተታው ራሱ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ብራናውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ካፑቺኑ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 “ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው” ብሎ ጻፈ፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ደጋፊና ነቃፊም እንደ ወገኑ ይሰለፋል።)

ሐርላ የእስልምና ከተማ ነበረችና ለሌላኛው ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእስልምናው ሊቅ አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ በ1111 ሲሞት የሐርላ መስጊድ የተሠራበት ክፍለ ዘመን ገና መጀመሩ ነበር። ገዛሊ ከስሕተት ስለ መዳን በጻፈው መጽሐፉ ወጣት ሳለ አንድ ነገር እንዳስደነገጠው ይናገራል። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ያድጋል። ታዲያ ከወላጅና ከመምህር በውርስ የተቀበለውን ሁሉ ቢያራግፍ ለሰው ምን ይቀርለታል? ይህን ሲያጠና በዓይኑ የሚያየውን እስከ መጠራጠር ደረሰ፤ ሁለት ወር ያህልም እንደ በሽተኛ ሆኖ ቆየ።

የፍሬምወርክ እምነትም በአብዛኛው የሚወረስ ነው። በኢትዮጵያ በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለዌብ ፕሮግራሚንግ አንድ ዘርፍ፣ ለአንድሮይድ ሌላ ዘርፍ አለው። በዌቡ በር የገባ ተማሪ ነገ ስልክ ላይ ሲሻገር ጃቫስክሪፕቱን ይዞ ይሻገራል፤ በአንድሮይዱ በር የገባው የጃቫስክሪፕት አፕ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። ሁለቱም አመዛዝነው እንደ መረጡ ያምናሉ። የመረጠላቸው ግን ያን ዕለት ክፍት ሆኖ ያገኙት በር ነው።

ምስክር መቁጠርም አያዋጣም። ፌስቡክ የስልክ አፑን በዌብ ገጽ ላይ መመሥረቱ ትልቅ ስሕተት እንደ ነበር ማርክ ዛከርበርግ በ2012 በአደባባይ ተናገረ። ኩባንያው በ2015 ሪአክት ኔቲቭን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ጃቫስክሪፕቱ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁልፍና ዝርዝር ግን የስልኩ የራሱ ነው። ኤርቢኤንቢ በ2016 ተቀበለው፣ በ2018 “ትተነዋል” ብሎ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ። ነቃፊዎቹ ያን ጽሑፍ እንደ ነቢይ ቃል ይጠቅሱታል። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ግን አያነሡም፤ መሣሪያውን ከተጠቀሙበትና ከተጠየቁት የኩባንያው መሐንዲሶች 63 በመቶው ዕድሉ ቢሰጠን ደግመን እንመርጠው ነበር ብለዋል። ሾፒፋይ ደግሞ በ2020 ተነሥቶ የስልክ ሥራችን የወደፊት መንገድ ሪአክት ኔቲቭ ነው አለ። መሣሪያው አንድ ነው፤ አንዱ በወጣበት በር ሌላው ሲገባ ሁለቱም ሐሰተኛ አልነበሩም። ኤርቢኤንቢ ቀድሞ በአይፎንና በአንድሮይድ ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ አፕ ስለ ነበረው በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ኮድ ማስተዳደር ግድ ሆኖበት ነበር። የሐርላ ወጣቶች ያ ሸክም የለባቸውም።

የሙግቱ ጥልቅ ቦታ ሌላ ነው፤ ስለ መሆንና ስለ መምሰል። በአዮኒክ የተሠራ አፕ ከውስጡ የዌብ ገጽ ነው፤ አድራሻ መጻፊያ በሌለው ብራውዘር ተከፍቶ አፕ ይመስላል። ሪአክት ኔቲቭ ስልኩን “ቁልፍ አምጣልኝ” ይለዋል፣ ስልኩም የራሱን ቁልፍ ያመጣል። ፍላተር ስልኩን ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ራሱ ይስለዋል። እንግዲህ የተሳለው ቁልፍ ሲጫኑት የሚሠራ ከሆነ ቁልፍ አይደለም ማለት ይቻላል? የሪአክት ኔቲቭ ሰዎች እውነተኛው የኛ ነው ሲሉ የእውነት መለኪያቸው ምንጩ ነው፤ ከአፕል ወይም ከጉግል እጅ የወጣ እውነተኛ ነው። የፍላተር ሰዎች በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ከታየ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ይላሉ። ስለ ባሕርይና ስለ መልክ የጥንት ፈላስፎችን ያከራከረው ጉዳይ እዚህ የስልክ ቁልፍ ሆኖ መጣ። የሐርላን ፎቶ በጣቱ እየገፋ የሚያይ ጎብኚ ግን የልዩነቱን መኖር እንኳ አያውቅም፤ የሚያውቀው ፎቶው ሲንቀረፈፍ ብቻ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብም ገዛሊም ያላገኙት ዕድል እዚህ አለ። ሰው ሁለት ሃይማኖት ሳምንት ሳምንት ይዞ ማን እንደሚያድን ሊፈትን አይችልም። ሁለት ፍሬምወርክ ግን ይቻላል። ከአፑ የከበደውን አንድ ገጽ መርጦ በሁለቱም መሥራት፣ ዋጋው ዝቅ ባለ አሮጌ አንድሮይድ ላይ ጭኖ ማየት፤ ፈራጅ ከተባለ ፈራጁ ይኸው። የሚገርመው ሰው ይህን ከማድረግ ይልቅ ወር ሙሉ መከራከርን መምረጡ ነው።

ፈተናውን ያደረገ ደግሞ የሚያገኘው ነገር ሳያስደነግጠው አይቀርም። የሐርላን ስም ራሱን እንውሰድ። አንዱ ሐርላ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሀርላ፣ ሦስተኛው ሃርላ። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን “ሐ” እና “ሀ” እንደ “መ” እና “ቀ” የተለያዩ ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ቅርፅ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታልና። ስለዚህ ጎብኚው በ“ሀ” ፈልጎ አፑ “ምንም አልተገኘም” ሊለው ይችላል፤ መስጊዱ ፊት ለፊቱ ቆሞ። ይህን ሪአክት ኔቲቭ አይፈታውም፣ አዮኒክ አይፈታውም፣ ፍላተርም አይፈታውም። ሞክሼ ፊደሎቹን ወደ አንድ የሚመልስ ጥቂት መስመር ኮድ የሚጽፈው የአማርኛ አንባቢ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ጃቫስክሪፕት በራሱ ያውቀዋል፤ መስከረም 1ን ሊጽፍ፣ ጳጉሜን ሊቆጥር ይችላል፤ ፍሬምወርኩ ያን ክፍል ይዞ መምጣቱን ማረጋገጥ ብቻ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጣጠር ግን አያውቅም። አፑ “ከ3:00 ጀምሮ ክፍት ነው” ቢል የድሬዳዋ ሰው ጠዋት ይመጣል፣ የውጭ አገሩ እንግዳ ከቀትር በኋላ። ስድስት ሰዓት የሚያህለውን ልዩነት ማን ለማን እንደሚተረጉም መወሰን ያለባቸው ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ዐረብኛው ሲመጣ ነው ፍሬምወርኮቹ መለየት የሚጀምሩት። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ገጹ በሙሉ መገልበጥ አለበት፤ የዌብ ገጽ ይህን ወዲያው ያደርገዋል፣ በሪአክት ኔቲቭ ግን በተለመደው መንገድ አፑ እንደ ገና መነሣት ይኖርበታል። ትንሽ ነገር ይመስላል። የዐረብኛ የድንጋይ ጽሑፍ በተገኘበት ቦታ ዐረብኛ አንባቢን ቋንቋ በቀየረ ቁጥር ማስጠበቅ ግን ደስ አይልም።

ጽሑፍ፣ ፎቶና ካርታ ብቻ ላለው አፕ እንግዲህ አዮኒክ ወይም የመሰለው በዌብ ላይ የቆመ መሣሪያ ይበቃል ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ነገ ካሜራውን ፍርስራሹ ላይ ሲያነጣጥሩት የጥንቱን ግንብ አቁሞ የሚያሳይ ነገር ከተፈለገ ፍርዱ ይገለበጣል። ወጣቶቹ ሪአክትን ከወዲሁ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያውቁ ከሆነም ይገለበጣል፤ ሌላ ነገር ለመማር የሚጠፋው ወር ከየትኛውም የፍጥነት ልዩነት ይበልጣልና።

“እሺ፣ የመረጥነው ነገ ቢሞትስ?” የሚለው ፍርሃት ግን በፈተና አይወገድም። መሠረት አለው። ፎንጋፕ የሚባለው መሣሪያ በ2008 ተወልዶ የዚህን መንገድ በር ከከፈቱት አንዱ ነበር። አዶቤ ገዛው፤ ኮዱ ኮርዶቫ ተብሎ ለአፓቼ የሶፍትዌር ድርጅት ተሰጠ፤ አፕ በኢንተርኔት የሚገነባለት አገልግሎቱ በ2020 ተዘጋ። አብሮት የተነሣው ታይታኒየም በ2022 የባለቤቱን ድጋፍ አጣ። ከፎንጋፕ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ብራያን ለሩ ግን በ2012 ያልተለመደ ነገር ጽፎ ነበር፤ የመሣሪያው የመጨረሻ ዓላማ አለመኖር ነው። ብራውዘሮች ካሜራውንና አቅጣጫ ጠቋሚውን በራሳቸው የቻሉ ቀን ፎንጋፕ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል ማለቱ ነበር። ሞቱን በዓላማው ውስጥ አስቀድሞ የጻፈ መሣሪያ ሲሞት ከዳን ማለት ይከብዳል።

ድሬዳዋም የዚህ ዓይነት ምርጫ ልጅ ናት። የጅቡቲው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለ ከበደ ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የድሮዎቹ ባቡሮች ሊሄዱበት አይችሉም። የ1902ቱ መሐንዲሶች የመረጡት ስፋት ዕድሜው አለፈ፤ ግን ስሕተት ነበር ለማለት ከከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቁጭ ያለ ሰው ይቸገራል። በኋላም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2022 ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተው በዚችው ከተማ ነው። በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ሲም የገዛ የድሬ ሰው የትኛው ድርጅት ለዘላለም ይኖራል ብሎ ሳይሆን የትኛው ዛሬ ቤቱ ድረስ ይይዛል ብሎ ነው የመረጠው።

በእስልምና ሕግ ዘንድ ለእንዲህ ያለው ምርጫ የተቀመጠ አስተሳሰብ አለ። አቅሙን ሁሉ አሟጦ የፈረደ ዳኛ ትክክል ከሆነ ሁለት ምንዳ ያገኛል፣ ቢሳሳትም አንድ ምንዳ አያጣም የሚል ታዋቂ ሐዲስ አለ። ፍርዱ የሚመዘነው በመጨረሻው ውጤት ብቻ አይደለም፤ በተደረገውም ጥረት ነው። በሌላ በኩል ሳይጥር የፈረደ፣ ዕድል ቀንቶት ቢሳካለት እንኳ፣ በዚህ ሚዛን የሚያስመሰግነው የለም። በ2011 ፎንጋፕን አጥንቶ የመረጠ ሰው እንግዲህ አንዱ ምንዳ አለው። ሰው ሁሉ ሪአክት እያለ ነው ብሎ የመረጠው ግን ምርጫው ቢሠምርም የሚያስቆጥረው የለም። ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ላይ ከዳኞቹ ጋር ሳይስማማ አይቀርም፤ የሰውን ልጅ የወቀሰው ሳይመረምር ያመነ ብሎ ነውና።

ለሁለቱ ወጣቶች የሚተርፈው የጥረት ዝርዝር አጭር ነው። የሐርላ ማብራሪያዎች፣ ስሞች፣ ቀኖችና ፎቶዎች ከፍሬምወርኩ ኮድ ተለይተው ማንም መሣሪያ ሊያነበው በሚችል ተራ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። ሞክሼ ፊደል የሚያስማማው፣ ሰዓት የሚቀይረው ኮድ ከየትኛውም ፍሬምወርክ ነፃ በሆነ ንጹሕ ጃቫስክሪፕት ይጻፍ። ቋንቋው በ1995 በብሬንደን አይክ እጅ በአሥር ቀን ከተሠራ ወዲህ ስንት ፍሬምወርክ ቀብሯል፤ እሱ ግን አለ። ፍሬምወርኩ የሚነካው ገጹንና ቁልፉን ብቻ ይሁን። ይህ ከተደረገ በአምስት ዓመት ውስጥ መሣሪያው ቢሞት የሚጠፋው የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሃይማኖተኛውም ተጠራጣሪውም እኩል ዝም ይላል። አፑን ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፤ ክፍያው ከተቋረጠ አፑ ከመደብሩ ይወርዳል። ለአይፎን የሚሆነውን ፋይል ለመገንባትም የማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ኤክስፖ የመሰሉ አገልግሎቶችን በኢንተርኔት ይከራያል። በብር የሚከፈል ነገር እንኳ በበጀት ዓመት መጨረሻ በሚቸግርበት መሥሪያ ቤት፣ በየዓመቱ በዶላር ካርድ የሚከፈል ነገር ማን በስሙ ይይዛል? አሠሪው ነው፣ ወጣቶቹ ናቸው፣ ወይስ ከሚኒያፖሊስ የመጣው ዘመድ? ለዚህ መልስ ከሌለ ሁለቱንም መደብር ትቶ በየትኛውም ስልክ ብራውዘር የሚከፈት፣ አንዴ ከተከፈተ ያለ ኔትወርክም የሚሠራ የዌብ ገጽ መሥራት ይቻላል፤ አድራሻውን በመግቢያው በር ላይ በኪውአር ኮድ መለጠፍ ነው የሚቀረው። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ጥያቄ ለአሠሪው ማቅረብ ያለባቸው አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፉ ነው።